የደቻቱ ጎርፍ የማን ኃላፊነት ነው?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ መከላከል የመንግሥት ሥራ አይደለምን? እኛ የድሬዳዋ ነዋሪዎችና ነጋዴዎች ምን ልናደርግ እንችላለን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ግንብ መገንባትና በወንዝ ዳር ቤት እንዳይሠራ መከልከል በእርግጥ የመንግሥት ድርሻ ነው። ነገር ግን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው ጎርፍ በሐረርጌ ደጋ በጣለ ዝናብ ሞልቶ ሰው በተኛበት ሌሊት የደረሰ በመሆኑ፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት ሕይወት የሚያተርፈው ከደጋው የሚደወል ስልክና በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ዕድሮች አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ያሉበትን ቤት አስቀድመው ይመዝግቡ፤ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስም ይወስኑ። ነጋዴዎች፣ ይህን አጥብቀን እንናገራለን፣ ቆሻሻ ወደ ወንዙ መውረጃ አይጣሉ፤ ባለመጋዘኖችም ለተፈናቃዮች እህልና ብርድ ልብስ በምን ዋጋ እንደሚያቀርቡ ከክረምት በፊት ከአስተዳደሩ ጋር ይዋዋሉ።