መሬት አለኝ፣ ለኮዋላ ምን ልትከል?

ሊዝሞር ዙሪያ፣ ማለትም በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ቁራሽ መሬት የገዙ ሐበሾች ዛፍ ላይ ለሚኖረው እንስሳ ለኮዋላ ምን እንትከል እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። የችግኝ ነገር የዕለት ሥራዬ ስለሆነ የመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ።

ኮዋላ የሚበላው ባሕር ዛፍ አይደል? ያገኘሁትን ባሕር ዛፍ ብተክልስ?

አይሆንም ወንድሜ። አውስትራሊያ ውስጥ ከ700 በላይ የባሕር ዛፍ ዝርያ አለ። ኮዋላ አዘውትሮ የሚበላው ጥቂቱን ነው፣ እሱም እንደ አካባቢው ይለያያል። እዚህ እኛ ጋ ምርጫውን የሚወስነው አፈሩ ነው። ወንዝ ዳር ደለል መሬት ካለህ ፎረስት ሬድ ገም ትከል። እርጥበት ያለው ግን ውኃ የማይተኛበት ለም ተዳፋት ከሆነ ታሎውድ። ወደ ባሕሩ ጠጋ ያለ ረግረግ ከሆነ ስዋምፕ ማሆጋኒ። ጭንጫ ያለበት ደረቅ ገመገም ላይ ደግሞ ግሬይ ገም ይሻላል።

አንድ ዓይነት ብቻ አትደርድር። ኮዋላ አማራጭ ይወዳል። አንዱን ዛፍ በልቶ፣ አጠገቡ ያለውን ያንኑ ዝርያ አሽትቶ ጥሎት ይሄዳል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው መርዛማ ነገር ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ ነው። በመሃል መሃሉ የማይበላውንም ጥላ ያለው ዛፍ ጣል አድርግ፤ በበጋ ሙቀት የሚሸሸግበት ይፈልጋል።

አገር ቤት ያለውን ባሕር ዛፍስ ይበላዋል?

እኛ ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው እዚህ ሪቨር ሬድ ገም ነው፤ ኮዋላ ይበላዋል። እንጦጦን የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ የታዝማኒያና የደቡብ ቪክቶሪያ ዛፍ ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ ለወረቀት ተብሎ በተተከለ የነጭ ባሕር ዛፍ እርሻ ኮዋላ ሰፍሮ፣ ዛፉ ሲቆረጥ እንስሳቱ ተጎድተዋል። ሊዝሞር ላይ ግን አትትከሉት፣ የቦታው አይደለም።

መቼ ልትከል? እንዴትስ?

እዚህ ዝናቡ በበጋ ነው የሚመጣው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ አፈሩ ገና ሞቅ ያለና እርጥብ ነው፣ ያኔ ትከዪ። ውርጭ የሚተኛበት ረባዳ ከሆነ ግን ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቂ።

ትልቅ ችግኝ አትግዢ። ከስንዝር ትንሽ ከፍ ያለው ይበቃል፤ ቶሎ ሥር ይይዛል። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ የተጠማዘዘውን ተዪው። ከመትከልሽ በፊት ችግኙን ከነፕላስቲኩ ባልዲ ውኃ ውስጥ ንከሪው፣ የአየር አረፋ መውጣቱን ሲያቆም ጠግቧል ማለት ነው። በችግኙ ዙሪያ አፈሩን የምታለብሺበትን ጉዝጓዝ ወፈር አድርጊ፣ ግንዱን ግን አያስነኪው፣ ያበሰብሰዋል። ከብትና ዋላቢ (ትንሽ ካንጋሮ መሰል እንስሳ) እንዳይበሉት ዙሪያውን ከልዪ።

ችግኝ የሚገድለው በብዛት ድርቅ ሳይሆን ሳር ነው። በተለይ ኪኩዩ የሚባለው። ይህ ሳር ከኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የመጣ ነው፤ እነሱ ባሕር ዛፍ ሰጡን፣ በምላሹ ኪኩዩ ደረሳቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ዙሪያውን ካላረምሽ ባትተክዪው ይሻላል።

ኮዋላ እስኪመጣ ስንት ዓመት ይፈጃል?

አጠገብዎ ኮዋላ ካለና ዛፉ ደህና ካደገ፣ በ5 ዓመት አካባቢ ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ ያለውን ጫካ አስታከው ይትከሉ። ሜዳ መሃል ብቻውን የቆመ ጉብታ ላይ ከተከሉ፣ ኮዋላው በመሬት ሲሻገር መኪናና ውሻ ይጠብቀዋል።

ለችግኙ ቦታ እንዲሆን አሮጌውን ዛፍ ብቆርጠውስ?

በፍጹም። ፈቃድም ሊያስፈልግ ይችላል፣ ግን ሕጉ ቢፈቅድልህ እንኳ አትንካው። ዛሬ የሚበላው እሱን ነው።

ሁለት ውሾች አሉኝ።

ማታ ማታ እሰራቸው ወይም ቤት አስገባቸው። ኮዋላ የሚንቀሳቀሰው በብዛት ሌሊት ነው፤ በተለይ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ በሚራባበት ወቅት። አጥርህ ለስላሳ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ግቢ የገባ ኮዋላ ተንጠላጥሎ መውጣት ስለማይችል አንድ ወፍራም ግንድ አስደግፍበት።

የሚረዳ አካል አለ?

ሊዝሞር ያለው ፍሬንድስ ኦፍ ዘ ኮዋላ የሚባለው የኮዋላ ተንከባካቢ ማኅበር የራሱ የችግኝ ጣቢያ አለው። ከዚያ ጀምር።

እኔ ያለሁት ቪክቶሪያ ነው። ይህ ሁሉ ለኔም ይሠራል?

ሁሉም አይሠራም። በ2022 ኮዋላ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበው በኩዊንስላንድ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በካንቤራ ግዛት ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ኬፕ ኦትዌይ ላይ በዝተው ማና ገም የሚባለውን ዛፍ ቅጠሉን ሙልጭ አድርገው ጨርሰው ዛፉም ደርቋል፣ እነሱም ተርበዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለአካባቢሽ ካውንስል ደውዪና ሰፈርሽ ውስጥ ኮዋላ መኖሩን፣ የትኛው ዛፍ እንደሚፈለግ ጠይቂ። ችግኙን ከዚያ በኋላ ትገዢያለሽ።