ፎርድ አውሮፕላኗን ለምን ሳይሸጣት ቀረ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ሄንሪ ፎርድ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን አሠርቶ ነበር ሲባል ሰማሁ። መኪናውን ለዓለም የቸበቸበ ሰው እሷን ለምን አልሸጠም? እኛ አገርስ ብትመጣ ትነሳ ነበር?

መልስ፦ አዎ፣ አሠርቷል። ስሟ ፍሊቨር ነው፤ ለሕዝብ የታየችው በ1926 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ፎርድ 63 ዓመት በሞላበት ቀን ነው። ሞዴል ቲ መኪናን ከ15 ሚሊዮን በላይ ያመረተ ሰው ቀጥሎ አውሮፕላንን በየሰው ደጃፍ ላቁም ቢል አይገርምም።

ነገሩ የተበላሸው በየካቲት 1928 ነው። ፎርድ በጣም የሚወደው ወጣት አብራሪ ሃሪ ብሩክስ ከዲትሮይት ወደ ማያሚ ሲበር ፍሎሪዳ ውስጥ ቲተስቪል ላይ አረፈ፤ ከዚያ እንደገና ተነስቶ ሜልቦርን አካባቢ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ስብርባሪው ሲገኝ የነዳጅ ክዳኑ የአየር ቀዳዳ በእንጨት ስንጥር ተደፍኗል፤ እርጥበት እንዳይገባ ብሎ ደፍኖት ሳያነሳው ቀርቶ ይሆናል ተባለ። ታንኩ አየር ካላገኘ ነዳጁ አይወርድም፣ ሞተሩም ቀጥ ይላል። አስከሬኑ አልተገኘም። ፎርድ ክፉኛ አዘነ፣ የትንሿ አውሮፕላን ሥራም በዚያው ቆመ።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን ብሩክስ ባይሞትም ብዙ የምትሸጥ አይመስለኝም። አንድ መቀመጫ እኮ ነው! አስተማሪ አጠገብህ አይቀመጥም፣ ስለዚህ መብረርን በሌላ አውሮፕላን ተምረህ መምጣት አለብህ፤ ሚስትህንም አታሳፍር፣ ጓደኛህንም አታሳፍር። አሜሪካኖች በ2004 ለቀላል ስፖርት አውሮፕላን ላላ ያለ ደንብ ሲያወጡ እንኳ (እስከ 600 ኪሎ፣ ቢበዛ ሁለት መቀመጫ) ገበያውን የያዙት ባለሁለቶቹ ናቸው። አትላንቲክን ብቻውን በማቋረጥ የታወቀው አብራሪ ሊንድበርግም ፍሊቨርን አብርሯት ጭራሽ አልወደዳትም።

ወደ አገርህ ስንመጣ፣ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፤ የፍሊቨር የመጀመሪያ ሞተር 35 የፈረስ ጉልበት ገደማ ስለነበር የሚተርፍህ 26 ወይም 27 ነው። በዚያ ላይ ክንፉም ፕሮፔለሩም ስስ አየር ላይ ይሰንፋሉ፣ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ይብሳል። ማለዳ በብርዱ፣ ረጅም ሜዳ ላይ፣ ቀጠን ያለ ሰው ተቀምጦባት ምናልባት ትነሳለች። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ስለሆነ ይሻላል። ዓባይ በረሃ ብትወርድ አየሩ የበለጠ ወፈር ይልልሃል፣ ግን እዚያ ገደል ውስጥ መንደርደሪያ ሜዳ ከየት ታመጣለህ?