መልስ፦ የልጆች የውሃ ኮዳ በድሬዳዋ ሙቀት

እህቴ፣ «የልጆቼ የፕላስቲክ ኮዳ በዚህ ሙቀት ኬሚካል ይለቅ ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ስጋትሽ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ያለሽን ሁሉ አውጥተሽ አትጣይ።

ኮዳውን ገልብጠሽ ከሥሩ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር እዪ። 2 ወይም 5 ከሆነ ቢስፌኖል ኤ (በአጭሩ ቢፒኤ) ከሚባለው ኬሚካል የተሠራ አይደለም። 7 የልዩ ልዩ ፕላስቲኮች መደብ ነው፤ እንደ መስታወት የጠራና ጠንካራ ከሆነ ፖሊካርቦኔት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ የሚሠራው ከዚሁ ኬሚካል ነው። የሆርሞንን ሥራ ያውካል ተብሎ ስለተሰጋ የአውሮፓ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. ከፖሊካርቦኔት ጡጦ አግዶታል። «ከቢፒኤ ነጻ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አያስተማምንም፤ በምትኩ ተመሳሳዩን ቢስፌኖል ኤስ የሚጠቀሙ አምራቾች አሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሃይላንዱ ነው። ቁጥር 1 ያለበት ይህ ጠርሙስ ለአንድ ጊዜ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ እኛ እየሞላን እስኪጨማደድ እንይዘዋለን፤ ከከዚራ ሳቢያን ሲመላለስ በሚውል ባጃጅ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ሲግል ይውላል። ሙቀት ሲበረታ አንቲሞኒ የተባለው ንጥረ ነገር ከፕላስቲኩ ወደ ውሃው ይበልጥ ይወጣል። ትኩስ ሻይማ ፈጽሞ አይጨመርበት!

አቅም ከፈቀደ የማይዝግ ብረት ግዢ፤ 304 ወይም 18/8 የሚል ምልክት ፈልጊ። አሉሚኒየም ከሆነ ውስጡ የተቀባ ስለሚሆን ቅቡ ሲላጥ ተዪው።

ከሥሩ የሚጋገረው ነጭ ነገር የውሃችን ካልሲየም ነው፣ አያስፈራም። በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ዘፍዝፊው፤ ፕላስቲኩን በሽቦ አትፈትጊ።