በአንድ በቆሎ ላይ ሁለት ቫይረስ፦ ለመቂው ወንድማችን ጥያቄ

ከመቂ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። በመስኖ ያለማኸው በቆሎ ቅጠሉ ከዳር ወደ ውስጥ እየደረቀ መጣ። ናሙና ሰጠህ። ውጤቱ «ኤምሲኤምቪ አለ፣ ኤስሲኤምቪም አለ» ይላል። ሁለቱም የአርኤንኤ ቫይረስ (የዘር ትእዛዙን አርኤንኤ በሚባል ሞለኪውል የሚይዝ) ከሆኑ ለምን ለየብቻ ይጠራሉ? ደግሞስ ምን ልርጭ?

ከሁለተኛው ልጀምር። በማሳ ላይ ያለን ቫይረስ የሚገድል መድኃኒት የለም። ነጋዴው «አለኝ» ካለህ ብርህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። የፈንገስ መድኃኒትም፣ ተጨማሪ ዩሪያም ይህን አይመልሰውም። የመጀመሪያውን ጥያቄህን ግን የተማሪ ጥያቄ ብቻ ነው ብለህ አትናቀው። እኔ የምሠራው በቆሎ ዘር ብዜት ላይ ነው። ማሳ ላይ ምን እንደማደርግ የምወስነው ቫይረሱ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ አይቼ ነው።

ምላሳችን እንዳይተሳሰር ኤምሲኤምቪን «የበቆሎው»፣ ኤስሲኤምቪን «የሸንኮራው» ልበላቸው። የሸንኮራው የተባለው መጀመሪያ የታወቀው በሸንኮራ አገዳ ላይ ስለሆነ ነው፤ በቆሎንና ማሽላንም ይይዛል። ሁለቱ አንድ ተክል ላይ ሲገናኙ የሚመጣው በሽታ ነው ባለሙያዎች ኤምኤልኤን የሚሉት። በአሜሪካ ካንሳስ በ1976 ታየ። በምሥራቅ አፍሪካ በ2011 ኬንያ ቦሜት ላይ ተነሣ፤ በ2014 እኛም አገር መኖሩ ተረጋገጠ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። የሁለቱም አርኤንኤ ሴል ውስጥ እንደገባ እንዳለ ይነበባል። ተክሉ የራሱን ትእዛዝ ያነበበ መስሎት የቫይረሱን ፕሮቲን ይሠራለታል። መመሳሰሉ እዚህ ላይ ያበቃል። የበቆሎው ክብ ነው፤ ስፋቱ 30 ናኖ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 4,400 ፊደል (ትእዛዙ የተጻፈባቸው የኬሚካል ክፍሎች) አካባቢ የሆነ አጭር አርኤንኤ ይዟል። ቤተሰቡ ቶምቡስቪሪዴ ነው፤ ማክሎሞቫይረስ በሚባለው ጂነስ (ከቤተሰብ በታች ያለ ክፍል) ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው። የሸንኮራው ደግሞ ቀጭን፣ ተለማጭ ክር ነው፤ 750 ናኖ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ አርኤንኤው ወደ 9,600 ፊደል ይጠጋል። የፖቲቪሪዴ ቤተሰብ ነው። መጀመሪያ አንድ ረጅም ፕሮቲን ያሠራና በራሱ ኢንዛይሞች ይቆራርጠዋል።

የዛሬው አመዳደብ አርኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም ዝምድና ይከተላል። በዚያ መሠረት ሁለቱ በቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ከቤተሰብ በላይ ባለው ሰፊ ክፍል፣ በፋይለምም ይለያያሉ። የሸንኮራው ከፖሊዮና ከኮሮና ቫይረሶች ጋር አንድ ፋይለም ውስጥ ነው። የበቆሎው ከቢጫ ወባ ቫይረስ ጋር ይመደባል። አይዞህ፣ እሸቱን ብትበላ አይዝህም፤ ዝምድናው እጅግ የራቀ ነው።

ወደ ማሳው እንመለስ። የፖቲቪሪዴ ቤተሰብ ኤችሲ-ፕሮ የሚባል ፕሮቲን አለው። ይህ ፕሮቲን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ተክሉ የቫይረስ አርኤንኤን እየለየ የሚቆራርጥበትን መከላከያ ያዳክማል። የበቆሎው ቫይረስ ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ተክሉን አቀጭጮ ይተወዋል፤ መከላከያው ሲዳከምለት ግን በብዛት ይራባል። በቆሎህ የሞተው በዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ይኸው ፕሮቲን የሸንኮራውን ቫይረስ የተክል ጭማቂ ከምትመጥ ትንሽ ነፍሳት፣ ከክሽክሽ፣ የአፍ መርፌ ጋር ያጣብቃል። ክሽክሽ የታመመ ቅጠል በሰከንዶች ቀምሳ፣ ቀጥሎ ባረፈችበት ተክል ላይ ታራግፈዋለች። መድኃኒቱ እስኪገድላት ድረስ ሥራዋን ጨርሳለች። ስለዚህ ለክሽክሽ ብለህ ብትረጭም ይህን ቫይረስ አታቆመውም።

የበቆሎውን ቫይረስ የሚያዛምቱት በተለይ ትሪፕስ የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው፤ ጢንዚዛዎችም አሉበት። ትሪፕስ ቫይረሱን ለቀናት ይዘው ይዞራሉ። ለማየት ጠዋት ላይ የልብ ቅጠሉን ገለጥ አድርገህ በነጭ ወረቀት ላይ አራግፈው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ የማይበልጡ ቀጫጭን ቢጫ ነገሮች ወረቀቱ ላይ መሮጥ ይጀምራሉ። ቅጠሉ ጥቅል ውስጥ ስለሚደበቁ ርጭት በደንብ አያገኛቸውም፤ ቁጥራቸውን ግን ሊቀንስ ይችላል።

የበቆሎው ቫይረስ በዘርም ይተላለፋል። በአሜሪካ በተደረገ አንድ ምርመራ ከ42,000 ቡቃያ 17ቱ ተይዘው ተገኝተዋል። ትንሽ ይመስላል። በ75 በ25 ሴንቲ ሜትር ስትዘራ ግን አንድ ሄክታር ላይ ከ53,000 በላይ ተክል አለ፤ በዚያ ስሌት 20 ገደማ የታመሙ ቡቃያዎች ማሳህ ውስጥ ተበትነው ይበቅላሉ። ትሪፕስ ካሉ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ከታመመ ማሳ የተሰበሰበ በቆሎን ለዘር አታስቀምጥ።

ሌላ ጊዜ ያለ ላቦራቶሪ ለመገመት፦ የናይትሮጅን እጥረት ከታች ካረጀው ቅጠል ጫፍ ተነሥቶ በመሃል አጥንቱ በኩል ይወርዳል። ይህኛው በሽታ ከላይ፣ ከወጣቱ ቅጠል ነው የሚጀምረው። ጥቃቅን ቢጫ ነጠብጣብ በደም ሥሩ ትይዩ ይታያል። በኋላ እምብርቱ ይደርቃል፤ ራስ ከያዘም ሽፋኑ ያለጊዜው ይነጣል። በቅጠሉ ላይ የተቆራረጡ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ብቻ ካየህ ደግሞ ስትሪክ የሚባለው ሌላ የበቆሎ በሽታ ሊሆን ይችላል። የእሱ መንስኤ የዲኤንኤ ቫይረስ ነው፣ ተሸካሚውም ሌላ ነው።

አሁን የምትችለው ይኸውልህ። የታመመውን ነቅለህ ከማሳ አውጣ። ሻጋታ ያልነካውን አገዳ እርጥቡን ለከብት ስጠው፤ የሻገተውን ራስ ግን ለሰውም ለከብትም አታብላ፣ አቃጥለው። ከታመመው ማሳ ወደ ጤነኛው አትሂድ፤ ጤነኛውን አስቀድመህ ጎብኝ። ከሁሉ የሚበልጠው በቆሎን በበቆሎ ላይ አለመዝራት ነው። መስኖ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ በቆሎ ሲያፈራርቅ ቫይረሱም ትሪፕሱም ቀለብ አይቋረጥባቸውም። የሚተካው ሰብል ከሣር ወገን መሆን የለበትም። ማሽላና ዳጉሳ አይሆኑህም፤ ቦሎቄ፣ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም ይሻላል። ዘር ስትገዛም በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ብለህ ጠይቅ። ኬንያ ናይቫሻ ላይ ከ2013 ጀምሮ ዝርያዎች በዚሁ በሽታ የሚፈተኑበት ጣቢያ አለ።

አንድ ነገር ንገረን፦ ከዚህ በቆሎ በፊት ማሳው ላይ ምን ነበር? ጎረቤትህስ አሁን ምን ዘርቷል? እሱም በቆሎ ከሆነ ብቻህን የምትወጣው ነገር አይደለም፤ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ሆናችሁ የዘር ጊዜያችሁን አብራችሁ ወስኑ።