የነጋድራሱ መጽሐፍና የድሬዳዋ መጋዘን

ሰሞኑን አንዲት አዲስ ተመራቂ «ሕይወትዎን የቀየረው መጽሐፍ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳላመነታ የነጋድራስ (የንግድና የጉምሩክ ሹም) ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው አልኳት። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ግን ያስነበቡኝ ሰው ትዝ ብለውኝ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በ1962 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረ የጉምሩክ መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም ነጋዴው ስለ ዕቃው የሚሰጠውን የጽሑፍ መግለጫ፣ ከጭነቱ ጋር ማመሳከር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ፉርጎ ቡና፣ ቆዳና ሌጦ ይጭናል፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ጨርቅ፣ ጫማና ቆርቆሮ ያራግፋል። ሐሳቤ ገንዘብ አጠራቅሜ ጨርቅ አስመጪ መሆን ነበር። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ይህን ሲሰሙ ከመሳቢያቸው በታይፕ የተገለበጠና በሲባጎ የተሰፋ ጥራዝ አውጥተው «ልጄ፣ ይህን ሳታነብ ሱቅ እንዳትከፍት» አሉኝ።

ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ዛፍ ሥር ጀምሬው ሌሊቱን ጨረስኩት። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ድካሙ ለሌላው ሲሳይ እንደሚሆን ነጋድራሱ ያስረዳሉ። ይህን የጻፉት ሰው ራሳቸው የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ! በ1911 ዓ.ም. አርፈው መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው። በማግስቱ መዝገቤን ስገልጥ የወጣው ሌጦ በኪሎ፣ የገባው ጫማ በጥንድ ተጽፏል። ለአንድ ጥንድ ጫማ ስንት ኪሎ ሌጦ እንደምንሰጥ በወረቀት ላይ አሰላሁ። አስመጪነቱ በዚያው ቀረ። ሞጆ ሄጄ ቆዳ ማልፋት ተማርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም በዚያ ሙያ ኖርኩ።

የሚቆጨኝ የዚያ ጥራዝ ኅዳግ ነው። አዛውንቱ የመዝገብ ቤት ኃላፊ በደቃቅ የእርሳስ ጽሕፈት የቀረጥ ተመንና የቡና ዋጋ አስፍረውበት ነበር፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ «እዚህ ላይ ከነጋድራስ ጋር አልስማማም» እያሉ ይሟገታሉ። ካረፉ በኋላ ወረቀታቸው ሁሉ በኪሎ ለባለ ሱቅ ተሸጦ በርበሬና ስኳር ተጠቀለለበት። መጽሐፉን ዛሬም አገኘዋለሁ፤ ያን ሙግት ግን ከየት አመጣዋለሁ?

«የዛሬ ወጣት አያነብም» ከሚሉት እኩዮቼ ጋር አልተባበርም። ታነባላችሁ፤ ነገር ግን አብዛኛው በአቋራጭ ስለ መክበር የሚሰብክ ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለውን ሥራ አያሳያችሁም። ደግሞም ትቸኩላላችሁ። እኔም በአንድ ሌሊት ጨርሼ የለ? እውነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደጋግሜ ተመልሼበታለሁ። የተዋሳችሁት መጽሐፍ ላይ አትጻፉ እያልኩ ልጆቼን አሳድጌአለሁ፤ የአዛውንቱን ጽሕፈት ሳስታውስ ግን በዚህ ምክር መጽናት ያቅተኛል።

የነጋድራሱ ሥራዎች ተሰብስበው ታትመዋል፤ ፈልጋችሁ አንብቧቸው። በመሥሪያ ቤታችሁ የድሮውን መዝገብ የሚያውቁ አንጋፋ ሠራተኛ ካሉም፣ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ምን እንደሚያነቡ ጠይቋቸው፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።