«የበዓል ሽታ» ብሎ የሚፈልግ የለም፦ አንባቢ ላጣችው ጦማሪ እህታችን

እህቴ፣ ሌላውም የቡድናችን ሰው እንዲከታተል ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ስለ ምግብ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልጅ አስተዳደግ የምትጽፊበት ጦማር ዓመት ሊሞላው ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ትጽፊያለሽ፣ ፌስቡክ ላይ ታጋሪያለሽ፣ የሚያነብሽ ግን ያው ዘመድና ጓደኛ ነው። «ልተወው ወይስ እንደ ሰው ሁሉ ወደ ቪዲዮ ልዙር?» ብለሻል። እኔም ስለ ወጥ ቤት የሚያወራ ጦማር ይዤ ዓመታት ቆጥሬያለሁና የማውቀውን ላካፍልሽ። አድራሻውን ስላስቀመጥሽ ገብቼ አየሁት። አትተዪው። ቪዲዮውም ለጊዜው ይቆይ። አጻጻፍሽ ደስ ይላል፤ የምትጽፊው ግን አስቀድሞ ለሚያውቅሽ ሰው ነው። የማያውቅሽ ሰው ወደ አንቺ የሚመጣበት በር የለውም።

«የበዓል ሽታ» የሚለውን እንውሰድ። ስለ ድፎ ዳቦ ነው። ኮባው እሳት ሲነካው የሚሸተውን የገለጽሽበት አንቀጽ ላይ እኔም ቆም ብያለሁ። ነገር ግን ርዕሱ ውስጥ «ዳቦ» የሚል ቃል የለም። ቀጥለው በሚመጡት አራት አንቀጾች ውስጥም የለም፤ እዚያ ያሉት አያትሽ፣ ግቢውና የሠፈሩ ልጆች ናቸው። የዱቄቱ ልክ የሚገኘው ገጹ መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ፎቶ ላይ በተጻፈ ፊደል።

አሁን ሪያድ ያለች አንዲት እህታችንን አስቢ። የበዓሉ ዋዜማ ነው። የቤቱ ሰዎች ካልተኙ ወጥ ቤቱ አይለቀቅላትም። እጇ ሊጥ ነው፣ ስልኳን የዱቄቱ ከረጢት ላይ አስደግፋዋለች። ጉግል ላይ የምትፈልገው «ድፎ ዳቦ በኦቨን አጋገር» ብላ ነው፤ ወይም «ኮባ ከሌለ ድፎ ዳቦ በምን ይጋገራል» ብላ። ብታገኝሽ እንኳ አራት አንቀጽ ትዝታ የምታነብበት ጊዜ የላትም። ለአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት ውሃ፣ ስንት እርሾ፣ ኦቨኑ ስንት ዲግሪ ላይ፣ ለስንት ደቂቃ፣ በኮባው ፈንታ ምን እንደሚነጠፍ ማወቅ ትፈልጋለች። ይህ ሁሉ በጽሑፍ፣ ገጹ እንደተከፈተ ከላይ መታየት አለበት። ርዕሱን «ድፎ ዳቦ በኦቨን፦ ኮባ ለማታገኙ» በይው። አያትሽን ግን እንዳታስወጪያት፤ ከልኩ በታች አስቀምጫት። ሰው የሚመጣው ለልኩ ነው፣ ሌላ ቀን ተመልሶ የሚመጣው ግን ለእሷ ነው።

እዚህ ላይ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች የተሰጠንን ዕድል አብዛኛው ሰው አያየውም። በእንግሊዝኛ ስለ ዳቦ የተጻፈው ተቆጥሮ አያልቅም፤ አዲስ ጸሐፊ እዚያ መሐል ገብቶ ለመታየት መከራውን ያያል። በአማርኛ ግን አንድን ቁርጥ ያለ ጥያቄ አንሥቶ ከሥር ከመሠረቱ የመለሰ ገጽ ብርቅ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄን በደንብ የመለሰ ጽሑፍ ምንም ስም ሳይኖረው የፍለጋው ውጤት ላይ ከላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከተቀመጠ ደግሞ እየኖረ አንባቢ ያመጣል። ፌስቡክ ላይ ያጋራሽው ግን በነጋታው የት እንደገባ አይታወቅም።

ሰው ምን ብሎ እንደሚፈልግ መገመት አያስፈልግሽም። ሰርች ኮንሶል የሚባል የጉግል መሣሪያ አለ፤ ነጻ ነው። ጦማርሽን እዚያ ካስመዘገብሽ ሰዎች የትኛውን ቃል ሲጽፉ ገጽሽ እንደታየላቸው፣ ስንቱ እንዳየና ስንቱ እንደገባ ይነግርሻል። ብዙ ሰው እያየው የሚገባው ጥቂት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የርዕሱ ነው። ጨርሶ የማይታይ ከሆነ ደግሞ ገጹ ውስጥ ሰው የሚጠቀምበት ቃል የለም ማለት ሊሆን ይችላል። እኔ ስለ እንጀራ የጻፍኩትን የማስተካክለው ይህን ዝርዝር እያየሁ ነው። «እንጀራ ለምን ዓይን አያወጣም» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ሲመጣ አየሁና ለብቻው ገጽ ሠራሁለት፤ ስለ አብሲቱ፣ ስለ ሊጡ ቅጥነት፣ ስለ ምጣዱ ሙቀት።

ሁለተኛው ምንጭ አስተያየት መስጫው ነው። ስዊድን የምትኖር አንዲት አንባቢ በክረምት ወር «ሊጤ ሦስት ቀን ሞላው፣ አልቦካ አለኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ቤቷ ቀዝቃዛ ነበር። ኦቨኑን ሳታሞቂ መብራቱን ብቻ አብሪና ዕቃውን እዚያ ውስጥ አሳድሪው አልኳት፤ ሠራላት። ለእሷ የመለስኩትን ሦስት መስመር አስፍቼ ወደ ዋናው ጽሑፍ አስገባሁት። ከዚያ ወዲህ ከቀዝቃዛ አገር የሚመጣው አንባቢ በዚያ አንቀጽ በኩል ነው የሚገባው። አንቺ ግን ለአስተያየቶች በልብ ምልክት ብቻ እየመለስሽ ታልፊያለሽ። ዳቦው ሥር «ለምን መሐሉ ጥሬ ሆነብኝ?» ብላ የጠየቀችሽ ሴት አለች። እሷ የሚቀጥለውን ጽሑፍሽን ርዕስ በነጻ ሰጥታሻለች!

የአማርኛ ፍለጋ የራሱ ጣጣ አለው። «የጾም ምግብ» እና «የፆም ምግብ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ የፍለጋ ሞተሩ ግን ሁልጊዜ እንደ አንድ አይቆጥራቸውም። በሁለቱም ሞክሪና ውጤቱን አስተያዪ። እኔ ርዕሱን ትክክለኛ ነው በምለው አጻጻፍ እጽፍና ሌላውን አጻጻፍ ጽሑፉ መሐል ወይም ከፎቶው ሥር አንድ ጊዜ አስገባዋለሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ አይደለም፤ ገጹን በቃል ክምችት የሞሉት ጦማሮች ሲነበቡ ያስጠላሉ። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈው ሰውም ብዙ ነው፤ በተለይ ውጭ አገር ስልኩ ላይ የግዕዝ ፊደል ያልጫነው። ለእሱ የምግቡን ስም በላቲን ፊደል አንድ ቦታ ማስቀመጥ አይጎዳም።

ከዚሁ ጋር የገጾችሽን አድራሻ ተመልከቺ። ጦማርሽ ያለበት ብሎገር የሚባለው የጉግል መድረክ በአማርኛ ለተጻፈ ርዕስ አድራሻ መሥራት ስለማይችል ሁሉንም «ብሎግ ፖስት» እያለ ከኋላው ቁጥር ይለጥፍበታል። የአንቺ ገጾች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ዎርድፕረስ የሚባለው ሌላው የጦማር መድረክ ደግሞ ፊደሉን ይቀበልና ሊንኩ ተቀድቶ ሲላክ አንዱን የግዕዝ ፊደል ዘጠኝ ምልክት አድርጎ ይዘረዝረዋል፤ ለአድራሻው የሚፈቅደው ቦታ 200 ምልክት ስለሆነ ረዘም ያለ ርዕስ መሐሉ ላይ ይቆረጣል። ያንን የተዝረከረከ ሊንክ ቴሌግራም ላይ የሚያይ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። አዲስ ጽሑፍ ከማውጣትሽ በፊት አድራሻውን በአጭር የላቲን ቃል ራስሽ ጻፊ። የቆዩትን ከቀየርሽ ግን ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራውን ማስተካከያ አብረሽ ሙዪ፤ ያለዚያ ሰው ያስቀመጠው ሊንክ ሁሉ ይሞታል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ መጻፍሽን ተዪው። እውነቴን ነው። አሁን ካሉሽ ጽሑፎች ግማሹን ብታድሺ አዲስ ከመጻፍ ይበልጥ ትጠቀሚያለሽ። በተለይ የወቅት ጽሑፎችን፦ ዐቢይ ጾም በየዓመቱ 55 ቀን ነው፣ ሰው የጾም ወጥ መፈለግ የሚጀምረው ግን ከቅበላው በፊት ነው። የረመዳን ሳምቡሳም እንዲሁ፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ ከእሱ ጋር ቀን መቁጠር አለብሽ። ለየዓመቱ አዲስ ገጽ አትክፈቺ። አንዱን ገጽ ያዢና ወቅቱ ሊገባ አንድ ወር ያህል ሲቀረው አድሺው፤ ፎቶ ለውጪ፣ የተጠየቅሽውን ጨምሪበት። ባለፈው ዓመት ሰዎች ወደዚያ ያገናኙት ሊንክ ሁሉ ለዚያው ገጽ ጉልበት ሆኖ ይቆያል።

ስለ ፌስቡክና ቴሌግራም ደግሞ፦ አስፈላጊ ናቸው፣ ግን የሰው ቤት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ብለው እንደነበር ታስታውሻለሽ። ያን ጊዜ በፍለጋ የሚመጣ አንባቢ የነበረው ጦማር ሥራውን ቀጠለ፤ ያለውን ሁሉ አንድ የፌስቡክ ገጽ ላይ የከመረ ሰው ግን ተከታዮቹን የሚያገኝበት መንገድ ጠፋው። ቴሌግራም ቻናል ክፈቺ፤ እኛ ዘንድ ኢሜይል ከፍቶ የሚያነብ ሰው ጥቂት ስለሆነ አንባቢን ለመጥራት ከእሱ የተሻለ አላየሁም። ጽሑፉን በሙሉ ግን እዚያ አትገልብጪው። ፌስቡክ ላይም ሊንክ ብቻ ወርውረሽ አትሂጂ። ውጭ ያሉ እናቶች በሚሰባሰቡባቸው ቡድኖች ውስጥ ገብተሽ የተጠየቀውን እዚያው መልሺ፤ ዝርዝሩን ለሚፈልግ ገጽሽን ጠቁሚ። አዲስ አበባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ቀን ወይም አንድ ሰዓት አልፎት ነው፤ ሁለቱንም ወገን የምታገኚበት ሰዓት ይህ ነው።

ጽሑፍሽን አንሥተው ስምሽን ሳይጠቅሱ የሚለጥፉ ቻናሎች ይመጣሉ። እኔንም ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ መከራከሩ ጉልበት ይጨርሳል። የጦማርሽን ስም ፎቶው ላይ በትንሹ አስቀምጪ፣ ጽሑፉ መሐልም «በዚህ ጦማር ስለ እርሾ እንደጻፍኩት» እያልሽ አስገቢ። ሲገለብጡት ስምሽን አብረው ይወስዱታል።

ቪዲዮን በተመለከተ፣ አልጠላውም። ሊጥ እንዴት እንደሚታሽ ማሳየት ከመጻፍ ይቀላል። ነገር ግን ሊጥ የነካ እጅ ያላት ሴት የውሃውን ልክ ለማግኘት ቪዲዮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትጎትት ማየት ያሳዝናል። አገር ቤት ደግሞ የዳታ ጥቅሉ አለ፤ ለጥቂት መስመር ጽሑፍ የሚበቃው ዳታ ለቪዲዮ ምንም አይደለም። በዚህ ምክንያት ፎቶዎችሽንም አሳንሻቸው፤ ዳቦው ገጽ ላይ ያሉት በቀጥታ ከስልክ የተጫኑ ስለሆኑ እኔ ጋ ለመከፈት ሻይ የሚያስጠጣ ጊዜ ወሰዱ። ቪዲዮ ከሠራሽ አጭር አድርጊውና ገጹ ውስጥ ከልኩ በታች አስገቢው።

ድንገት ከማታውቂው አገር በመቶ የሚቆጠር ጎብኚ ቢመጣና አንዱም ሰከንድ ሳይቆይ ቢወጣ ደስ አይበልሽ፤ ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው።

ዛሬ ማታ የዳቦውን ገጽ ብቻ አስተካክዪ፦ ርዕሱን፣ ልኩን ከፎቶ ወደ ጽሑፍ፣ «መሐሉ ጥሬ ሆነብኝ» ላለችው ሴት መልሱን። ከዚያ ሰርች ኮንሶል ላይ አስመዝግቢው። ለውጡ በሳምንት አይታይምና አትጨነቂ፤ ወራት ይፈጃል። ሰዎች የሚጽፏቸው ቃላት መታየት ሲጀምሩ ዝርዝሩን እዚሁ ቡድን ላይ ለጥፊው፤ ቀጥሎ የትኛውን ገጽ ማደስ እንዳለብሽ አብረን እናያለን።