ሦስት ጊዜ አንብቤው ለምን ጠፋብኝ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

የፈተና ወቅት ሲቃረብ እዚህ ሐዋሳ ውስጥ ከሚሠሩም ከሚማሩም ሰዎች ስለ ጥናት ብዙ ጥያቄ ይደርሰኛል። የዚህን ሳምንት አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

ለማንበብ ጠዋት ይሻላል ማታ?

እንቅልፍ የማይጥልህና ሰው የማይጠራህ ሰዓት ይሻላል።

አንዲት አዋላጅ ነርስ በዲፕሎማ ስትሠራ ቆይታ ዲግሪዋን ይዛለች። አሁን ለሙያ ፈቃድ ምዘና እየተዘጋጀች ነው። የአዳር ተረኛ ናት፤ ሁለት ልጆችም አሏት። አንዱን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አንብባ፣ በቀለም አስምራ፣ በሳምንቱ ምንም እንደማታስታውስ ጽፋለች። «ጭንቅላቴ አረጀ ማለት ነው?» ትላለች።

አላረጀም እህቴ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰኝ አዝናለሁ፤ ችግሩ የአጠናን ሆኖ ሳለ ሰው ራሱን ይወቅሳል። ከልጅነታችን ጀምሮ «አንብብ» ተብለናል። «ደብተሩን ዘግተህ ንገረኝ» ያለን ግን ጥቂት ነው። አንድን ገጽ ደግመሽ ስታነቢ ይለመድሻል። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ትያለሽ። ያወቅሽው ግን የገጹን መልክ ነው። ፈተና ላይ ደግሞ ገጹ የለም።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዳንዶቹ ያንኑ ደግመው አነበቡ። ሌሎቹ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት ብዙ አስታወሱ። ያንቺ ፈተና ደግሞ ካነበብሽ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አይመጣም።

ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት የደም መፍሰስ አነበብሽ እንበል። መጽሐፉን ዝጊና ባዶ ወረቀት ላይ አራቱን ዋና ዋና መንስኤዎች ጻፊ፦ የማህፀን አለመኮማተር፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ መቅረት፣ መቀደድና ሌላ ጉዳት፣ የደም አለመርጋት። ምናልባት ሦስቱን ጽፈሽ አራተኛው ይጠፋሻል። ቶሎ ብለሽ አትግለጪ። ትንሽ ታገዪ። ትምህርቱ የሚይዘው እዚያ ትግል ውስጥ ነው። ከዚያ ገልጠሽ አርሚ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ በሳምንቱም እንደገና ከባዶ ወረቀት ጀምሪ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን የፊደላት ጥምረቶች ራሱ እያጠና መርሳትን ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። አብዛኛው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አይቷል። የመጀመሪያው ክለሳሽ እንዳይዘገይ የምልሽ ለዚህ ነው።

ከአዳር ወጥተሽ ደግሞ ሃንድአውት አትያዢ። ተኚ። ያጠናነው የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜም ጭምር ነው። ልጆቹን አድርሰሽ በባጃጅ ስትመለሺ የትናንቱን አራት ነጥብ በልብሽ ጥሪ፤ ለዚህ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ቴሌግራም ላይ «የዘንድሮ ፈተና ወጥቷል» የሚል ፋይል ይሸጣል። ልግዛ?

አትግዛ! ብርህም ይበላል፣ ልብህም ከጥናቱ ይወጣል። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ካገኘህ ግን መልሱን ሳታይ ሥራቸው።

አንድ የሂሳብ ባለሙያ ዕድሜያቸው ከአርባ አልፏል፤ ኤሲሲኤ ለተባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ፈተና እያጠኑ ነው። «ሳነበው ይገባኛል፣ ለመጻፍ ስቀመጥ እጄ ይያዛል። እንግሊዝኛዬ ይሆን?» ይላሉ።

ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ግን ይህን ይሞክሩ። ስለ ገቢ የሚናገረው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደንብ፣ አይኤፍአርኤስ 15፣ አምስት ደረጃ አለው፦ ውሉን መለየት፣ በውሉ የተገቡትን ግዴታዎች መለየት፣ ዋጋውን መወሰን፣ ዋጋውን ለየግዴታው ማከፋፈል፣ ግዴታው ሲፈጸም ገቢውን መመዝገብ። ፍሪጅ የሚሸጥ ሱቅ ያስቡ፤ በዚያው ዋጋ የሁለት ዓመት የጥገና አገልግሎትም ይሰጣል። ገቢው መቼ፣ ስንቱ ይመዘገባል? ለሥራ ባልደረባዎ በአማርኛ ያስረዱት። እዚያ ከተደናቀፉ ችግሩ እንግሊዝኛው አይደለም፤ ነገሩ ገና አልገባዎትም። በአማርኛ ካስረዱት ደግሞ ያንኑ መልስ፣ ሰዓት እየያዙ፣ በእንግሊዝኛ ይጻፉት። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ሁለት ምዕራፍ ላይ ወር ከሚፈጁ ሁሉንም ምዕራፎች በጽሑፍ ቢለማመዱ ይሻልዎታል።

ሳነብ ዓይኔ ያለቅሳል፣ ራሴንም ያመኛል።

የዓይን ሐኪም ይይህ።

ጫት ካልያዝኩ ማንበብ አልችልም የሚል ወጣት አለ። ወራት ሆኖታል። እንቅልፍ የለውም፣ ልቡ ይመታል፣ በምርቃና ያነበበውን ጠዋት አያስታውስም።

ወንድሜ፣ ያንተ ጉዳይ ከጥናት ዘዴ አልፏል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃል፤ ሁሉም ነገር የገባህ ይመስልሃል። ሌሊት ግን እንቅልፍህን ይወስዳል፤ ያጠናኸውም አብሮ ይሄዳል። እንቅልፍ ማጣትና የልብ መምታት አንድ ላይ ሲመጡ በምክር ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ለወግ ያህል «ሐኪም አማክር» እያልኩህ አይደለም፤ በዚህ ሳምንት ሂድ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ስንት ጊዜ እንደምትቅም፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኛ ሳትደብቅ ንገራቸው። ደረትህን ካመመህ ወይም ራስህን ከሳትክ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግባ። ፈተናው ተመልሶ ይመጣል። ለቤተሰብህም ቢያንስ ለአንድ ሰው ንገር።

ቤታችን ጠባብ ነው። ሐይቅ ዳር ሄጄ ላጥና?

አዲስ ምዕራፍ ለመጀመር አሞራ ገደል አይሆንም፤ ዓሣ የሚገዛው፣ የሚበላው፣ ፎቶ የሚነሳው ሁሉ እዚያ ነው። ለክለሳ ግን ፍቅር ሐይቅ በኩል ከጓደኛህ ጋር በእግር ሂዱ። ጥያቄውን እሱ ይያዝ፣ አንተ መልስ። ስትመለሱ ተቀያየሩ። የሳትከውን ብቻ ጻፍና ማታ ቤት ገብተህ እሱን አንብብ።